ብሩን ዝም ብላችሁ አትሰጡም?

ግንቦት ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስድስት ኪሎ አደባባይ አጠገብ አሥራ አራት የቢሮ ሰዎች ቆመናል። ግማሾቻችን ቱታ፣ ግማሾቻችን የልጆቻችንን ቁምጣ ለብሰናል። ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ልጅ ጫማዋ ትናንት ማታ የተገዛ መሆኑ ከነጭነቱ ያስታውቃል። አንዱ ሐውልቱ ሥር ፎቶ እንነሣ ቢል እኔ እንቢ አልኩ። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው፣ በ1929 ግራዚያኒ ያስፈጃቸው ሰዎች መታሰቢያ። እዚያ ሥር እየተሳሳቁ መነሣት ደስ አይለኝም። ወደ ዩኒቨርሲቲው አጥር ጠጋ ብለን ተነሣን።

የቢሯችን ጥበቃ ሌሊቱን አድረው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አገኙን።

«ምን ሆናችሁ ነው እናንተ ልጆች በዚህ ማለዳ?»

«እንጦጦ ልንወጣ ነው ጋሼ። ለሁለቱ እናቶች ቤት ጣሪያ ብር እያሰባሰብን አይደል?»

«ብሩ እንጦጦ ነው እንዴ ያለው?» አሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ «ብሩን ዝም ብላችሁ አትሰጡም?»

ሁላችንም ሳቅን፤ የመለሰላቸው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር ይኼንኑ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እስቲ እንደ አቅሜ ልመልስ።

ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር በጅምላ መሮጥ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ታላቁ ሩጫን ኅዳር 1994 ሲጀምር 10 ሺህ ሰው ነበር የሮጠው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድድሩን ያስተባብር የነበረው ሪቻርድ ኔሩርካር ራሱ የእንግሊዝ ማራቶን ሯጭ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ አልፏል። በ1996 ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚሮጡት የ5 ኪሎ ሜትሩ «ቅድሚያ ለሴቶች» ተጨመረ። ታላቁ ሩጫን የሮጠ ሰው ያውቀዋል፤ ፊት ያሉት ለሰዓት ይሮጣሉ፣ ከኋላ ያለነው ለጭፈራ። ከኋላ ካሉት ብዙዎቹ ከየመሥሪያ ቤቱ በጅምላ የመጡ ናቸው። አሠሪው ቲሸርቱን ገዝቶ ያድላል፣ ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ጡሩምባ እየነፋ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ሁሉም ያነክሳል። ውድድሩ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ገንዘብ ያሰባስባል፤ ቲሸርቱን ከለበሱት ግን ይኼን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤትና ሩጫ የሚገናኙት በሌላ መንገድ ነበር። ንግድ ባንክን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክን፣ መቻልን አስቡ። አገራችን ውስጥ መሥሪያ ቤት ክለብ ያቋቁማል፣ አትሌት ይቀጥራል፣ አትሌቱ ይሮጥለታል። የባንክ ገንዘብ ቆጣሪው ቆጠራውን ይቀጥላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ውድድር ገመድ የሚጎትተው ሠራተኛ ራሱ ነው፤ እሱ ግን ለዋንጫ ነው። ሠራተኛው ራሱ አልቦ፣ በላቡ ለሦስተኛ ሰው ብር የሚያመጣበት ነገር ገና ልጅ ነው።

ታዲያ ጋሼ ልክ ናቸው ወይ? ግማሹን ልክ ናቸው።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) «ለወገን እንራመድ» ምናምን ብሎ የእግር ጉዞ አዘጋጀ። ቲሸርት ታተመ፣ ኮፍያ ታተመ፣ ባነር ተሰቀለ፣ የድምፅ ማጉያ የጫነ አይሱዙ ተከራየ፣ መጨረሻ ላይ ምሳ ነበረ። ቁመቱ ሰው የሚያህል የካርቶን ቼክ ይዘን ፎቶ ተነሣን። በኋላ የግዢ ሰነዱን ያየ ባልደረባዬ እንደነገረኝ፣ ቲሸርቱና ምሳው ብቻ ቼኩ ላይ ከተጻፈው በልጧል። ያኔ ጋሼ መጥተው ቢጠይቁን ኖሮ አንገታችንን ከመድፋት በቀር ምን እንል ነበር? ለወገን ተብሎ የወጣው ብር አብዛኛው የገባው ማተሚያ ቤት ነው። ያንን ቲሸርት ዛሬም መኪና መወልወያ አድርጌዋለሁ።

ግማሹን ግን ልክ አይደሉም። ችግሩ ይሉኝታ ነው። እኔ ለራሴ ሰው፣ ለአጎቴ ልጅ፣ ለድሮ የክፍል ጓደኛዬ ስልክ ደውዬ «ብር ላክልኝ» ማለት ሞቴ ነው። ለሌላ ሰው ብለምንም ለራሴ የለመንኩ ያህል ያሸማቅቀኛል። «ቅዳሜ እንጦጦ በእግሬ ልወጣ ነው፣ ከደረስኩ ስንት ትሰጠኛለህ?» ስል ግን አፌ ይከፈታል። ሰውየውም ይስቃል፣ «አንተ? እንጦጦ? በታክሲ ነው እንጂ» ይላል፣ ከዚያ ይልካል። ዳገቱ ለጠያቂው ፊት ይሰጠዋል፣ ለሰጪውም መሳቂያ ይሆነዋል። አንድ ጓደኛዬ «ካልደረስክ እጥፍ እሰጣለሁ» አለኝ። ዝም ብዬ ብጠይቀው ሁለት መቶ ብር ልኮ ይገላገለኝ ነበር።

ደግሞ አካልን አድክሞ መስጠት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ስለት ያለበት ሰው ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ድንጋይ ተሸክሞ። ያን ጊዜ «የስለቱን ጥላ በፖስታ አትልክም?» የሚለው የለም።  

የእርዳታ ሩጫ ከተነሣ አይቀር፣ በዓለም ላይ ከተደረጉት ትልቅ ከሚባሉት አንዱ የተነሣው በእኛና በጎረቤቶቻችን ረኃብ ምክንያት ነው። ግንቦት 17 ቀን 1978 «ስፖርት ኤይድ» በተባለው ዘመቻ በ89 አገሮች ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአንድ ቀን ሮጠ። ሱዳናዊው ሯጭ ኦማር ከሊፋ ችቦ ይዞ ከአገሩ ተነሥቶ ኒውዮርክ ድረስ ሄደ። ማለት የፈለግኩት፣ የሚሮጠው ሌላው፣ የሚረዳው እኛ ነበርን። አሁን ቢያንስ ሯጮቹም እኛው ነን።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። እስከ ሽሮ ሜዳ ጨዋታ ነው። የቢሮ ሐሜት ጨርሰን፣ አሜሪካ ኤምባሲን አልፈን ስንሄድ ማንም አልደከመውም። ሽሮ ሜዳ ላይ አንዷ ባልደረባችን የተሰቀለ ጥልፍ ቀሚስ አይታ «ዋጋ ብቻ ልጠይቅ» ብላ ቀረች፤ እስከ ዛሬ ቡድኑን የከዳችው በጥልፍ እንደሆነ ይነገራታል። ከዚያ በላይ ነው ነገሩ የሚመጣው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለምዶታል ይባላል እንጂ ወንበር ላይ የኖረ ሳንባ ምንም አልለመደም። ደም ግፊት ወይም አስም ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት። የእኛው ሾፌር ጉልበቱን ይዞ ግማሽ ላይ ተቀመጠ፤ ሚኒባሱን እንዲያመጣ ያስቀረነው ሰው እሱ ሊሆን ይገባ ነበር።

ከቁስቋም በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ ሦስት ሴቶች ከላይ ወረዱ። ጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከግራ ቀኝ ተርፎ መንገዱን ሞልቶታል። እንዲህ ያለ ሸክም ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ገመዱ ደረታቸው ላይ ታስሯል፣ ወገባቸው ተቆልምሟል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። አንደኛዋ በላስቲክ ጫማ ነበረች፣ ተረከዙ የተቀደደ። እኛ ዳር ይዘን አሳለፍናቸው። «በርቱ» አለችን መካከለኛዋ፣ ቀና ሳትል። በርቱ የምትለን እሷ ናት! ከመካከላችን ማንም አልመለሰላትም፣ አፍረን ይመስለኛል። እነሱ በየቀኑ ለሚሸከሙት ማንም ቃል አልገባላቸውም። ከእንጦጦ በታች፣ ይኼን ሥራ ትተው ሽመና የጀመሩ ሴቶች ማኅበር አላቸው፤ ሻርፕ መግዛት ያማራችሁ ከእነሱ ግዙ። ለቀጣዩ ዙር እኔ የምመርጠው እነሱን ነው፣ ቢሮው ከተስማማ።

እንጦጦ ማርያም በር ላይ የደረስነው አሥራ ሁለት ነበርን። ሥራ አስኪያጃችን በደረሰ ሰው ቁጥር አንድ አንድ ሺህ ብር ቃል ገብቶ ነበር። አምስት ሰው ቢደርስ ነው ብሎ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። አሥራ ሁለት ሺህ ከፈለ፣ እያጉረመረመ።

ብሩን እንዴት እንደያዝነው ልንገራችሁ፤ ዋናው እሱ ነው። ቲሸርት አላሳተምንም። ውኃና ሙዝ ከኪሳችን ገዛን። ሒሳቡን በዕድር ወግ አደረግነው፤ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ተቆጣጣሪ፣ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ከሌላ ክፍል። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሁለት ፊርማ ነው። የገባ ብር ሁሉ በዚያው ማታ የቢሯችን ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፣ የሰጪው ስም ሳይጻፍ መጠኑ ብቻ። ስም አለመጻፉን አጥብቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሃምሳ ብር የላከችው የጽዳት ሠራተኛችን አምስት ሺህ ከላከው ጋር ጎን ለጎን እንዳትታይ። ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሲደመር 73,400 ብር ሆነ።

ጣሪያው የሁለት እናቶች ነው፣ ከጃንሜዳ ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት። ለመጠገን የወረዳው ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ ደብዳቤው ከእንጦጦ ዳገት ይልቅ አድክሞናል፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቆርቆሮውን፣ ማገሩንና ምስማሩን መርካቶ ገዛን። አናጺው ግማሽ ዋጋ አስከፈለን። ሰኔ 12 ከመግባቱ በፊት ተመታ። ካፊያ በጣለበት ቀን ሄጄ ነበር፤ አንደኛዋ እማማ ድሮ ውኃ የሚያጠራቅሙባቸውን ሦስት ባልዲዎች ደርድረው ሽንኩርት ተክለውባቸዋል።

ጋሼም በመጨረሻ መቶ ብር ሰጡ። «ለዳገቱ አይደለም፣ ለቆርቆሮው ነው» ብለው አስመዘገቡ።

እንግዲህ ኅዳር ሲደርስ የእናንተም መሥሪያ ቤት ቲሸርት ሊያሳትም ይሆናል። ከመልበሳችሁ በፊት ሒሳብ ክፍል ሂዱና ሁለት ቁጥር ጠይቁልኝ፦ ለቲሸርቱ ስንት ወጣ፣ ለተረጂው ስንት ደረሰ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ ጋሼን እልክባችኋለሁ።