ግንቡ፣ ጅቡና «ቡዳ» የተባለው ሰው

ማታ መብራት ሲጠፋ በማደሪያችን የሚወራው የታወቀ ነው። አንዱ በፋሲል ግንብ ውስጥ ስለሚዞር ሙት መንፈስ ይጀምራል፤ ሌላው በቀትር ቀሃ ወንዝ ዳር ስለሚቀመጥ ጋኔን ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ስለ ዛር ያነሣል። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ ቡዳና ጅብ ነው። እኔም የወገራ ልጅ ነኝና በዚህ ወሬ ነው ያደግሁት። አያቴ «በቀትር ወንዝ አትውረድ» ስትለኝ ለምን ብዬ የጠየቅኋት ቀን ትዝ አይለኝም።

እውነቱን ለመናገር ጎንደር ለእንዲህ ያለ ወሬ የተመቸች ከተማ ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት እንኳ ስሙ በ«ጎ» የሚጀምር ቦታ ፈልግ የሚል ትንቢት ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ደም አልጠፋባትም። ታላቁ አዲያም ሰገድ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. በጣና ደሴት በገዛ ልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ትእዛዝ ተገደሉ። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለአደን እንደወጣ ተወግቶ ሞተ፤ ስሙም «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» ሆኖ ቀረ። አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን በ1859 ዓ.ም. አቃጠሏት፣ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ደገሟት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ግንብ ሌሊት ዝም ብሎ ያድራል ብሎ ማን ያምናል?

ድምፁ ግን ምክንያት አለው። ጣራው የፈረሰ ክፍልና ባዶ መስኮት ነፋስ ሲገባበት ያፏጫል። ጉጉትና የሌሊት ወፍም በአሮጌ ግንብ መኖር ይወዳሉ። በጨለማ የሚበራው «የሰይጣን ዓይን»ም የጅብ ዓይን ነው፤ ከሬቲናው በስተጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን ስላለው ባትሪ ሲበራበት ይነዳል። ይህን በባዮሎጂ ተምረነዋል፤ ሆኖም ብቻችንን ስንሆን እንሮጣለን፣ እኔም ጭምር።

ስለ ዛር ደግሞ ከእኛ ይልቅ አንድ ፈረንሳዊ በሰፊው ጽፏል። ሚሼል ሌሪስ ይባላል። ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋር በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ ለወራት ከባለዛሮች ቤት አልጠፋም። ቡናውን፣ ከበሮውን፣ ደም የሚፈስበትን ሥርዓት ሁሉ መዘገበ። ዛር ያደረበት ሰው «የዛሩ ፈረስ» እንደሚባል፣ እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስምና ጠባይ እንዳለው ጻፈ። የጉዞ ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 ሲያሳትም ርእሱን በመንፈስ ስም ጠራው፤ «መንፈሳዊቷ» ሳይሆን «መናፍስቷ አፍሪካ» እንደማለት ነው። በኋላ ባወጣው ጥናት ዛሩን ከቲያትር ጋር አመሳስሎታል፤ ባለዛሩ ይዋሻል ለማለት ሳይሆን፣ በሌላ ጊዜ የማትደመጥ ሴት ዛሩ ሲወጣባት ስለምትደመጥ ነው ብዬ እኔ ተረድቼዋለሁ። በነገራችን ላይ ይኸው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በምትኩ ቅጂ ለጥፎ ሄዷል። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ከግንቡ መንፈስ ይልቅ እንዲህ ያለው እንግዳ ያስፈራል።

አሁን ወደ ቡዳ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለእሱ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ጊዜው የራስ ሚካኤል ስሑል ነበር። የተገደሉ ሰዎች ሬሳ በአደባባይ ይጣል ስለነበር ጅቦች ሌሊት ከተማውን ይወርሩታል። ጅብ ለምን መጣ ቢባል መልሱ ግልጽ ነው፤ ሥጋ አለ። ሕዝቡ ግን፣ ብሩስ እንደጻፈው፣ እነዚህ ጅቦች በአስማት የተለወጡ የአካባቢው ተራራ ቤተ እስራኤሎች ናቸው ይል ነበር። ገዳዩ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ወንጀሉ ለሸክላ ሠሪ ተሰጠ ማለት ነው! ከእሱ በኋላ የመጣው ናትናኤል ፒርስ ደግሞ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ አይቻለሁ ብሎ ጻፈ። የተማረ ሰው እንኳ በወሬ ይወሰዳል።

ለምን እነሱ? ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት መሬት በርስት እንዳይዙ ተከልክለው ነበር። ስለዚህ በእጃቸው ሥራ ይኖራሉ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ ሸማ ይሸምናሉ። ድንጋዩን ጠርበው እነዚያን ግንቦች ካነሡት ግንበኞች ውስጥም ነበሩበት። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ አያርስም፣ ያለ እነሱ ምጣድ እንጀራ አይበላም፣ ነገር ግን ብረትን በእሳት የሚያቀልጥን ሰው ይፈራል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በደባርቅ መንገድ ያለችው ወለቃ ባዶዋን ቀረች ማለት ይቻላል። ስሙ ግን አልሄደም። ዛሬም ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ቀጥቃጭ ከሆነ ስሙ ይለጠፍበታል።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛ ክፍል፣ ሌሎቹ በአንድ ወንበር አራት አራት ሆነው ተጣበው ሳለ አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ አየሁ። ጠጋ ብለህ ተቀመጥ ብዬ አንዱን ባዘው እምቢ አለኝ። በዕረፍት ሰዓት አንዲት ልጅ መጥታ በጆሮዬ፣ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ይበላል» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ያህል እኔም ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

በማግሥቱ ትምህርቱ ስለ እርሻ መሣሪያዎች ነበር። ማረሻ በሰሌዳው ላይ ሣልኩና፣ «የቤታችሁን ማረሻ ማን ነው የሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር አንዱ እጁን አወጣና ዞር ብሎ ወደ ኋላ እያየ፣ «የእሱ አባት» አለ።