ሂሊየም፦ በፀሐይ ላይ የታወቀው፣ ከምድር ሆድ የሚቀዳው ጋዝ

በዒድ ቀን በአል-ሙወሰም ከሕፃን እጅ ያመለጠ ፊኛ ወደ ሰማይ ሲያሻቅብ፣ በውስጡ ያለው ሂሊየም ዳግም አይመለስም። ፊኛው ሲፈነዳ ጋዙ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ እጅግ ቀላል በመሆኑም ውሎ አድሮ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ የሂሊየም ድርሻ አምስት ያህል ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ልጅ ሂሊየምን ያወቀው አስቀድሞ በፀሐይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868 የተከሰተው የፀሐይ ግርዶሽ ጥላ ከኢትዮጵያ ምድር ተነሥቶ በኤደን በኩል ወደ ህንድ ተሻገረ። በህንድ ጉንቱር የነበረው ፈረንሳዊው ዣንሰን የፀሐይን ዳር ብርሃን ሲመረምር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ እንግሊዛዊው ሎክየር ከታወቁት ንጥረ ነገሮች ከአንዱም የማይገጥም ቢጫ መስመር አስተዋለ። ስሙም ፀሐይ ከሚለው የግሪክ ቃል ተወሰደ። ዊልያም ራምሴ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ውስጥ ጋዙን በምድር ላይ ያገኘው በ1895 ነበር።

ግኝቱ ምንጩንም ጠቁሟል። በምድር ቅርፊት ውስጥ ያሉ ዩራኒየምና ቶሪየም ቀስ በቀስ ሲፈራርሱ ሂሊየም ይለቃሉ። ጋዙ በሚሊዮኖች ዓመታት ተጠራቅሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ይታመቃል። በኳታር ራስ ላፋን የሚመረተውም ከተፈጥሮ ጋዝ ተለይቶ ነው።

ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በአፋር ስምጥ ሸለቆ፣ ሌላ ዓይነት ምስክር አለ። በዚያ ከእሳተ ገሞራ ዓለትና ከፍል ውኃ የሚወጣው ጋዝ፣ ምድር ስትፈጠር በውስጧ የቀረውን ሂሊየም-3 በብዛት ይዟል። ይህም የአፋርን ምድር የሚገፋው ሙቀት ከጥልቅ እንደሚመነጭ ለተመራማሪዎች አመልክቷል።

ሂሊየም ቀለምም ሽታም የለውም፤ አይቃጠልም። ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። የኤም አር አይ ማግኔቶችን ለማቀዝቀዝ ተመራጭ ያደረገውም ይህ ቅዝቃዜ ነው። እጥረት ሲከሰት ሆስፒታሎች የሚሠጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

መርዛማ ባይሆንም ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። ድምፅ ለማቅጠን ሲባል በቀጥታ ከሲሊንደር የሚሳብ ሂሊየም ኦክስጅንን ከሳንባ አስወጥቶ በቅጽበት ራስን ሊያስት፣ ግፊቱም ሳንባን ሊቀድ ይችላል፤ በዚህ ሳቢያ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ስለዚህ በበዓል ቀን ፊኛው ለሕፃናት ደስታ ይሁን፤ ሲሊንደሩ ግን ከእጃቸው ይራቅ።