«ኧረ መላ መላ»፦ ከሊስትሮ ሳጥን እስከ ብራስልስ የሸክላ ቤት

የመስቀል ሰሞን ሲደርስ ከመርካቶ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወርደው ሕዝብ መናኸሪያውን ያጨናንቃል። ዓመቱን ሙሉ በንግድ የከረመው ሁሉ ለክትፎው፣ ለደመራውና ለሽማግሌ ምርቃት አገሩ ይገባል። በመንገድ ላይ ከሚከፈተው ዘፈን መካከል የማሕሙድ አህመድ የጉራጊኛ ዜማ አይጠፋም። ይኸው የጉራጌ ተወላጅ ድምፃዊ በውጭ አገር የሸክላ ሰብሳቢዎች ዘንድ የሚታወቀው ግን በሌላ ሥራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር በቀዳው «ኧረ መላ መላ»።

ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ ተወለደ። ልጅ ሳለ እንደ ብዙ የዘመኑ የጉራጌ ልጆች ጫማ ጠርጓል። ቀጥሎ አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ በኩሽና ረዳትነት ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ እዚያ ይጫወቱ ነበርና፣ አንድ ምሽት ድምፃዊው ሲቀር ወጣቱ «እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ወጣ። የሰሙት አልለቀቁትም፤ በክብር ዘበኛ ሥር የንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት እስኪያበቃ ድረስ ዘፈነ።

የክብር ዘበኛው ማዕረግ ያለው፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ጡሩምባና ሳክስፎን የበዛበት ትልቅ ኦርኬስትራ ነበር። አይቤክስ ሌላ ዓይነት ነበር። በራስ ሆቴል የሚሠራ ትንሽ ባንድ ሆኖ ዘፈኑን የሚያቆመው በኤሌክትሪክ ጊታርና በቤዝ ነው። ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ ይዘዋል፤ ሳክስፎኑ የፈቃዱ አምደመስቀል ነው። የዚያ ትውልድ ሙዚቀኛ የአሜሪካ ሮክና ሶል ከጆሮው የራቀ አልነበረም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን በሬዲዮናቸው ያሰሙት ነበር፤ በአዲስ አበባም ሸክላው እንደ ልብ ይገኝ ነበር።

ታዲያ «ኧረ መላ መላ»ን የሮክ አልበም ማለት ይቻላል? መሣሪያው ነው፤ ጨዋታው ግን የአገር ቤት ነው። ሸክላው ሲከፈት በመጀመሪያ የሚያዘው ቤዙ ነው። አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ አይለቅም። ጊታሩ እንደ ምዕራቡ ሮክ ብቻውን ወጥቶ አይፈነጭም፤ ክራር መቺ በዘፋኝ ሥር እንደሚያደርገው የተቆረጠ ምት እየደጋገመ መሬቱን ያደላድላል። ሳክስፎኑ ለድምፁ መልስ ይሰጣል። ማሕሙድ በበኩሉ ቃሉን ይዞ እያርገበገበ ይጎትተዋል፤ አድማጭ የትኛው ትንፋሽ መጨረሻው እንደሆነ መገመት ያቅተዋል። ብዙ ሰው የድምፁን ውበት ብቻ ያነሣል። ሸክላውን ያለ ዕድሜ ገደብ ያቆየው ግን ከሥሩ ያለው የማይሰለች ዙረት ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም።

የወጣበት ጊዜ ደግሞ ክፉ ነበር። ደርግ ሥልጣን ይዞ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ የሌሊቱ ከተማ እየተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የግል የሸክላ ድርጅት የከፈተው አምሃ እሸቴ በዚያው በ1975 አገር ለቆ ወጣ። «ኧረ መላ መላ»ን አሳትሞ ያወጣው ካይፋ ሪከርድስ ነው፤ ባለቤቱን ዓሊ አብደላ ካይፋን የሙዚቃው መንደር «ዓሊ ታንጎ» ይለዋል። ሸክላ ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ውጭ ታትሞ ይመጣ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአዲስ አበባ የሄደ የማሕሙድ ሸክላ ሰማ። በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 ደግሞ የብራስልሱ ሸክላ ቤት ክራምድ ዲስክስ «ኧረ መላ መላ»ን ለአውሮፓ ገበያ አወጣው። ፋልሴቶ በዚያ አላበቃም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ እትም ጀመረ፣ ሰባተኛውን ቅጽ ለዚሁ አልበም ሰጠ፣ ተከታታዩም ከ30 ያላነሱ ቅጾች ወጡለት። የሙላቱ አስታጥቄን፣ የጌታቸው መኩሪያን፣ የአለማየሁ እሸቴን ሥራ ለዓለም ያዳረሰው ይኸው ሰንሰለት ነው። የውጭ ሻጮች ሁሉንም «ጃዝ» በሚል መደርደሪያ መደርደራቸው ትንሽ ያስቃል፤ አይቤክስ የሆቴል እንግዳ የሚያስጨፍር ባንድ ነበር።

ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ2007 የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ።

የባንዱ ዕጣ ከአልበሙ ባልተናነሰ ሊወራለት ይገባ ነበር። ሰላምና ጆቫኒ አይቤክስን ወደ ሮሃ ባንድ ለውጠው የካሴቱን ዘመን ተቆጣጠሩት፤ ከማሕሙድ እስከ አስቴር አወቀና ነዋይ ደበበ ከጀርባ የሚሰማው የእነሱ ጨዋታ ነው። ሰላም ሥዩም በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠና ሰው ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና ዕድገት የጻፈው ጥናት ዛሬም ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። አይቤክስ ያለ ድምፃዊ እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ የቀዳው ሙዚቃም በቅርብ ዓመታት እንደገና በሸክላ ታትሟል፤ ቤዙንና ጊታሩን ለብቻቸው መስማት ለሚሻ ከዚያ ይጀምር።