የዋንጫ ዋዜማ፤ ተፎካካሪ እንዴት ጠላት ይሆናል?

የእግር ኳስ ነገር ሲነሣ ከመካከላችን ፊቱን የሚያዞር አይጠፋም። ሃያ ሁለት ሰዎች አንዲት ኳስ ሲያባርሩ ማየት ለመጽሐፍ ሰው ምን ይጠቅመዋል ይላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሕዝብ ሲደሰትና ሲቈጣ፣ ሲሰበሰብና ሲለያይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ፣ ከአንድ ትልቅ የፍጻሜ ግጥሚያ በፊት ባሉት ቀናት የደጋፊውን ጠባይ ቢመረምር፣ በቤተ መጻሕፍት በቀላሉ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል።

ስለዚህ አንድ የታወቀ ምሳሌ ወስደን፣ ፉክክር ወደ ጠላትነት የሚለወጥበትን መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን። ምሳሌው ሩቅ ነው፤ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ነው። ነገሩ ግን ለእኛም ሩቅ እንዳልሆነ በመጨረሻው ላይ ይታያል። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ጽፈናል።

ኮፓ ሊበርታዶሬስ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ዋንጫ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሪቨር ፕሌትና ቦካ ጁኒየርስ የተባሉት ሁለቱ የቦነስ አይረስ ባላንጣዎች በፍጻሜ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ተገናኙ። የፍጻሜው ደንብ በየሜዳቸው አንድ አንድ ጊዜ እንዲጋጠሙ ያዝዝ ነበርና፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ላ ቦምቦኔራ በሚባለው በቦካ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ። ብርቱ ዝናም ስለ ጣለ በአንድ ቀን ተላልፎ ኅዳር 2 ቀን ተደረገና 2 ለ 2 አለቀ። ሁለተኛው ኅዳር 15 ቀን (በአውሮፓውያን ኖቬምበር 24 ቀን 2018) ሞኑሜንታል በሚባለው በሪቨር ስታዲየም ሊደረግ ነበር።

በዚያን ቀን የቦካን ተጫዋቾች የጫነው አውቶቡስ ወደ ስታዲየሙ ሲቃረብ፣ በአንድ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ተሰብስቦ የነበረው የሪቨር ደጋፊ ድንጋይና ጠርሙስ አወረደበት። መስታወቶቹ ረገፉ። ፖሊስ ሕዝቡን ለመበተን የረጨው ጋዝም በተሰበረው መስኮት ገብቶ ተጫዋቾቹን አስሳላቸው፤ አስመለሳቸውም። የቦካው አምበል ፓብሎ ፔሬዝ ዐይኑ ተጐድቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ከ60 ሺሕ የሚበልጥ ተመልካች በስታዲየሙ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሲጠባበቅ፣ ጨዋታው በመጀመሪያ በሰዓታት፣ ቀጥሎ በአንድ ቀን፣ በኋላም ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። በመጨረሻ ውቅያኖስ ተሻግሮ በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ እንዲደረግ ተወሰነ። የዋንጫው ስም ደቡብ አሜሪካን ከስፔን ግዛት ነጻ ላወጡት ጀግኖች መታሰቢያ የተሰጠ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ውሳኔ ለአርጀንቲና ሕዝብ ምን ያህል እንደ መረረው ለመገመት አይቸግረውም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ዓመት ሙሉ የናፈቁትን ጨዋታ በገዛ እጃቸው ለምን አበላሹት?

ብዙ ሰው በችኰላ የሚሰጠው መልስ፣ «ፍቅራቸው ከልክ ስላለፈ ነው» የሚል ነው። እኛ ይህ መልስ በቂ ነው ብለን አንቀበልም። ምክንያቱም ፉክክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲያስቅና ሲያዘፍን የኖረ ነው። ታሪኩን ጥቂት እንመልከት።

ሁለቱም ክለቦች የተወለዱት ላ ቦካ በሚባለው በአንዱ የወደብ ሰፈር ነው፤ ሪቨር በ1893፣ ቦካ በ1897 ዓ.ም.። ሰፈሩ ከጣሊያን አገር፣ በተለይም ከጄኖዋ ተሰደው የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩበት ነበር። በኋላ ሪቨር ሰፈሩን ለቅቆ ወደ ሰሜኑ የከተማ ክፍል ሄደ፤ በ1930 ዓ.ም. ሞኑሜንታልን ሠራ። ከዚያ አስቀድሞ በ1923 እና በ1924 ዓ.ም. በዘመኑ ታይቶ በማይታወቅ ዋጋ ተጫዋቾች ስለ ገዛ «ሚሊዮነሮቹ» የሚል ስም ወጣለት። ቦካ ከድኻው ሰፈር ስላልወጣ የድኻው ቡድን ተባለ። ዛሬ ሁለቱም በመላ አገሪቱ ድኻም ሀብታምም ደጋፊ ስላላቸው ይህ ክፍፍል ከእውነትነቱ ይልቅ ተረትነቱ ያመዝናል። ቢሆንም ሰው የሚፎካከረው በእውነቱ ብቻ አይደለም፤ በተረቱም ነው።

ስድቡም የራሱ ታሪክ አለው። በ1958 ዓ.ም. ሪቨር በዚሁ ዋንጫ ፍጻሜ የኡራጓዩን ፔኛሮልን 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሌላ ጨዋታ ላይ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ የሪቨርን ቀይ መታጠቂያ ያሰረላትን አንዲት ዶሮ ወደ ሜዳ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የሪቨር ሰዎች «ዶሮዎች» ተብለው ቀሩ። የሪቨር ሰዎች በበኩላቸው የቦካን ደጋፊዎች በሰፈሩ ሽታ ምክንያት «እበቶች» ይሏቸዋል። የቦካ ደጋፊዎች ግን ስድቡን ተቀብለው እንደ ማዕርግ ስም ይጠሩበታል። በ2003 ዓ.ም. ሪቨር ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን በወረደ ጊዜም፣ የቦካ ደጋፊዎች ነጭ አንሶላ ለብሰው፣ የሁለተኛው ዲቪዚዮን ምልክት የሆነውን ፊደል ጽፈውበት፣ እንደ ሙት መንፈስ እየተጫወቱ ባላንጣቸውን አሳቀቁት።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፉከራና ሽሙጥ፣ አሽሙርን በሰም ለብጦ መወርወር አባቶቻችን የተካኑበት ነው። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ እንደማይቆጣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ትርጉሙ ጨዋታ የራሱ ወሰን አለው፤ በወሰኑ ውስጥ ሎሌ ጌታውን ሊያሾፍበት ይችላል፤ ነገ ግን ሁለቱም በአንድ ቤት ያድራሉ ማለት ነው። የሚሾፍበት ሰው ከሌለ ሿፊው ምን ሊሆን ነው? ቦካ ባይኖር ሪቨር ግማሽ ስሙን ባጣ ነበር። ተፎካካሪ ማለት እንዲሸነፍ የምንመኘው፣ እንዲጠፋ ግን የማንፈልገው ሰው ነው። ጠላት ግን እንዲጠፋ የምንፈልገው ነው። እንግዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ምንድን ነው? እኛ ሦስት ነገር አግኝተናል።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። ተጫዋች ከግጥሚያ በፊት ይሠራል፤ ይሮጣል፤ አሠልጣኙን ይሰማል። ደጋፊ ግን ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለውም። የመጠበቁ ጊዜ በረዘመ መጠን፣ ከማሸነፍ ተስፋ ይልቅ የመሸነፍ ፍርሃት ይበረታል። ተራ ጨዋታ ቢሸነፉ በሚመጣው ዓመት ይካሳል፤ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ግን ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማውሪሲዮ ማክሪ፣ ቀድሞ የቦካ ክለብ ሊቀ መንበር የነበሩ ሰው፣ የሚሸነፈው ቡድን እስኪያገግም ሃያ ዓመት ይፈጅበታል ብለው ተናግረው ነበር። የአገር መሪ እንዲህ ካለ የሰፈር ጐረምሳ ምን ይበል? ከሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የቦካ ደጋፊዎች ልምምድ ብቻ ለማየት ላ ቦምቦኔራን ጢም አድርገው ሞሉት። በጨዋታው ቀን ደግሞ አንዲት ሴት ፍተሻውን ለማለፍ ርችቶችን በአንዲት ትንሽ ልጅ ሰውነት ላይ በፕላስተር ስታጣብቅ በፊልም ታየች። ፍርሃት ያለበት ሰው አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አይመርጥም።

ሁለተኛው መለያየት ነው። በ2005 ዓ.ም. በላ ፕላታ ከተማ አንድ የላኑስ ቡድን ደጋፊ ስለ ተገደለ፣ እንግዳው ቡድን ደጋፊ ይዞ እንዳይመጣ በአርጀንቲና ተከለከለ። ለዚህ ፍጻሜ ፕሬዚዳንቱ የእንግዳው ደጋፊ ይግባ የሚል አሳብ ቢያቀርቡም ክለቦቹ አልተቀበሉትም። የክልከላው ዓላማ መልካም ነበረ፤ ጠብ የሚነሣው ሁለት ወገን ሲገናኝ ነውና አንዱን እናስቀር የሚል ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. በኮርዶባ ከተማ ምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። በቤልግራኖና በታዬሬስ ግጥሚያ ላይ መቀመጫውን ሁሉ የሞላው የቤልግራኖ ደጋፊ ብቻ ነበር። በመካከሉ አንድ ሰው፣ የግል ቂም የነበረበትን ወጣት፣ «ይህ የታዬሬስ ነው» ብሎ ጮኸበት። ሕዝቡ ወጣቱን ደብድቦ ከከፍታው ገፍቶ ጣለው፤ እርሱም ሞተ። ወጣቱ የራሳቸው የቤልግራኖ ደጋፊ ነበር። እንግዲህ ተፎካካሪው ቢከለከልም ጠላትነቱ አልተከለከለም፤ ፊት ስላጣ ብቻ በተገኘው ፊት ላይ ዐረፈ።

ሦስተኛው ጥቅም ነው። በአርጀንቲና ባራ ብራቫ የሚባሉ የተደራጁ የደጋፊ ጓዶች አሉ። ከበሮ መትተው፣ ባንዲራ ዘርግተው ሜዳውን የሚያሞቁት እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከዚህ አልፈው ትኬት ከክለብ ሰዎች ተቀብለው ይነግዳሉ፤ በስታዲየሙ ዙሪያ መኪና ለሚያቆም ሰው ያስከፍላሉ፤ በምርጫ ጊዜም ጉልበታቸውን ለፖለቲከኛ ያከራያሉ። ከሁለተኛው ጨዋታ አንድ ቀን በፊት ፖሊስ የአንድ የሪቨር ባራ ብራቫ መሪ ቤት ፈትሾ 300 ያህል ትኬትና ብዙ ገንዘብ አገኘ። የከተማዪቱ አስተዳዳሪ፣ አውቶቡሱ የተደበደበው ለዚህ ብቀላ ነው ሲሉ አስረዱ። ሌሎች ደግሞ ስሕተቱ የጸጥታ አስከባሪዎች ነው፤ አውቶቡሱን ሕዝብ በሞላበት ጥግ ያለ በቂ ጥበቃ ለምን አሳለፉት አሉ። የከተማዪቱ የጸጥታ ሚኒስትር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሁለቱ አስተያየቶች የሚጣሉ አይመስለንም። አንዱ ማን ድንጋዩን እንዳነሣ፣ ሁለተኛው ማን መንገዱን እንደ ከፈተለት ይናገራሉ።

የአስተዳደር ጉድለት ከደጋፊ ቍጣ የበለጠ ሊገድል እንደሚችል በዚያው በሞኑሜንታል ቀድሞ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. በሪቨርና በቦካ ጨዋታ መጨረሻ፣ በ12ኛው በር ሲወጡ ተጨፍልቀው 71 የቦካ ደጋፊዎች ሞቱ። አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ለዚያ ሁሉ ነፍስ በመጨረሻ የተቀጣ ሰው አልተገኘም።

አሁን ወደ ማድሪድ እንሻገር። ኅዳር 30 ቀን በሳንቲያጎ ቤርናቤው ስታዲየም ከ62 ሺሕ በላይ ተመልካች ተገኘ። በአገራቸው በአንድ ስታዲየም እንዳይቀመጡ የተከለከሉት የሁለቱ ቡድኖች ደጋፊዎች በዚያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቤኔዴቶ ለቦካ አገባ፤ ፕራቶ ለሪቨር አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኪንቴሮ ሁለተኛውን፣ የቦካ በረኛ ግቡን ጥሎ ለማጥቃት በሄደበት ሰዓትም ማርቲኔዝ ሦስተኛውን ጨመረ። ሪቨር 3 ለ 1 አሸነፈ። ያለቀሰው አለቀሰ፤ የዘፈነው ዘፈነ፤ የከፋ ጠብ ሳይነሣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

ከዚህ ተነሥተን ስፔኖች ጨዋ፣ አርጀንቲናውያን አውሬ ናቸው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ደጋፊዎቹ በአብዛኛው ያው አርጀንቲናውያን ነበሩ። እውነት ነው፣ ውቅያኖስ ለመሻገር ገንዘብ ያስፈልጋልና ድኻው ደጋፊ ቀርቷል። አንድ የታወቀ የቦካ ባራ ብራቫ መሪም ማድሪድ እንደ ደረሰ ተመልሷል፤ ጥበቃውም እጅግ ብዙ ነበር። የእኛም አሳብ ይኸው ነው። ትኬት የሚነግደው ጓድ ሲርቅና መንገዱ በሥርዐት ሲጠበቅ፣ ሁለቱ ወገኖች ተያይተው መቀመጥ ይችላሉ። ፉክክሩ በማድሪድ አልቀነሰም፤ የቀነሰው በላዩ የተሸከመው ዕዳ ነው።

ይህን ሁሉ መናገራችን ለወሬ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በአዲስ አበባ እንዴት እንደሚፎካከሩ ሁላችን እናውቃለን። ድንጋይ መወራወር ጨርሶ አልታየም አንልም። ነገር ግን ወንድምና ወንድም ከአንድ ማዕድ በልተው፣ አንዱ ቢጫ ለብሶ፣ አንዱ ቡናማ ለብሶ ወደ ሜዳ ወርደው፣ ማታ እየተሿሿፉ ተመልሰው ይገባሉ። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው፤ ተፎካካሪው የሚታወቅ ፊትና ስም አለውና። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ግን በልዩ ልዩ ክልሎች ክለቦች መካከል ጠብ በርትቶ ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ እስከ መዛወር ደረሱ። በዚያ ጊዜ ከኳሱ ጋራ የማይሄድ ሌላ ቂም ማሊያ ለብሶ ገብቶ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ ነገር ውጭ ሊሆን አይችልም። በየግቢያችን ከአገሪቱ ማዕዘን ሁሉ የመጣ ሰው በአንድ መኝታ ቤት ይተኛል። የፋኩልቲዎች ዋንጫ ሲቃረብ በመመገቢያ አዳራሽ የሚወረወረው ቃል ስለ ጨዋታው ሲሆን እንሥቃለን፤ ስለ ሰውየው አገርና ቋንቋ ሲሆን ግን ወሰኑ ታልፏል፤ ያን ጊዜ ዝም የሚል ሁሉ በዚያ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ቆሞ ድንጋዩን እንዳየና እንዳልተናገረ ሰው ነው። አዘጋጆችም የሁለቱን ወገን ደጋፊ በግንብ ከመለየት ይልቅ፣ መግቢያና መውጫውን አስቀድመው ቢያዘጋጁ፣ ከየወገኑም አስተናባሪ ቢመርጡ ይሻላል።

ስለዚህ፣ ጓዶች፣ በፍጻሜው ቀን ጮኸን እንደግፍ፤ ተቃራኒያችንንም እስኪበቃን እናሹፍበት። ሲያልቅ ግን በዚያው ማታ መኝታ ቤት እንደምናገኘው፣ በሚመጣውም ዓመት እንደገና እንደምንፈልገው አንርሳ።