13 ወራትና ብዛቱ የማይታወቅ ዝርዝር

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር 13 ወራት አሉት። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ስሞች በኮድ የሚያስቀምጥ ፕሮግራመር ቁጥሩ ነገ ይጨምር ይሆን ብሎ አይጨነቅም፤ 13 ቦታ ያለው ቋሚ አሬይ ይበቃዋል።

የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ግን ሌላ ነው። በሲ ቋንቋ 100 ቦታ ብቻ አዘጋጅቶ ወሰኑን የማይፈትሽ ኮድ፣ 101ኛው ሰው ሲመጣ ሌላ ዳታ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ይህ አደገኛ የደህንነት ቀዳዳ ነው።

እዚህ ላይ የሲ ፕላስ ፕላስ ቬክተር ይሻላል። ቬክተር እንደ ተከራይ ነው፤ ቤቱ ሲሞላ ሰፊ ቤት ፈልጎ ዕቃውን በሙሉ ያጓጉዛል፣ የድሮውን ይለቃል። የድሮውን አድራሻ የያዘ ፖይንተርም ባዶ ቤት ያንኳኳል። በጂሲሲ ኮምፓይለር አቅሙ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ ያድጋል። ከባዶ ተነስቶ 1,000 መለያ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሲገቡበት 11 ጊዜ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ነባሮቹን ለማዛወርም በድምሩ 1,023 ቅጂ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ድካም በአንድ መስመር ይቀራል። ብዛቱን በግምት እንኳ የምታውቁ ከሆነ፣ ሉፑ ከመጀመሩ በፊት «ሪዘርቭ»ን ጥሩና 1,000 ቦታ አስይዙ፤ ሜሞሪ የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ይሆናል።