የስኳር ሕመም ዓይንን ሲጎዳ ስሜትስ?

የስኳር ሕመም የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጎዳ በመጀመሪያ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ብዙ ሰው ችግሩን የሚያውቀው እይታው ሲደበዝዝ ወይም ዓይኑ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ሲያይ ነው። ስለ ሌዘሩና ዓይን ውስጥ ስለሚሰጠው መርፌ የዓይን ሐኪምዎ ያስረዱዎታል። እዚህ የማነሣው በምርመራ ክፍል ውስጥ እምብዛም የማይነሣውን፣ ሕመሙ በስሜትዎና በኑሮዎ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ነው።

ከስኳር ሕመም ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ድባቴ የሚታየው ከሌላው ሰው በእጥፍ ገደማ ነው። እይታ ሲቀንስ ሸክሙ ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያደክመው ነገን አለማወቁ ነው። የደም ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል እይታም አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ ያነበቡትን ጽሑፍ ነገ ማንበብ ሊያቅትዎ ይችላል። መርፌው መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ በየወሩ ስለሚሰጥ፣ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር «ዛሬ ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚል ስጋት አለ።

በዚህ ላይ ጸጸት ይጨመራል። የደም ስኳርን መቆጣጠር አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ የቆየበት ዘመን፣ የደም ግፊትና በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም ድርሻ አላቸው። በደንብ የተቆጣጠረ ሰውም ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ «ጣፋጭ ተው ስንልህ እምቢ ብለህ ነው» ማለቱ ትክክልም አይደለም፣ የሚጠቅመውም ነገር የለም። የተወቀሰ ሰው የስኳር መጠኑን መደበቅ ይጀምራል፤ ቀጠሮም ይቀራል።

ማዘን ያለ ነው። ይሁን እንጂ ላለፉት ሁለት ሳምንታት በአብዛኞቹ ቀናት ልብዎ ካዘነ ወይም ተስፋ ከቆረጡ፣ ወይም ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረው ነገር ካላስደሰተዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ድባቴ ይታከማል፤ በምክክርም በመድኃኒትም። ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለሚያምኑት ሰው ነግረው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ሰዎች አፍረው የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። እይታው በጣም የቀነሰ ሰው አንዳንዴ የሌለ ነገር ያያል፦ ሰው፣ እንስሳ፣ አበባ፣ የጨርቅ ጥለት። ይህ ቻርልስ ቦኔት ሲንድረም ይባላል። ከዓይን የሚመጣው መረጃ ሲቀንስ አንጎል ከራሱ ምስል ይፈጥራል፤ ሰውየውም ብዙውን ጊዜ ያየው እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። እብደት አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም ኢንሱሊንዎንና ክኒንዎን አያቋርጡ።

ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ስንመጣ፣ በእኛ አገር ትልቁ ፈተና ሰላምታ ይመስለኛል። ፊት መለየት ያቃተው ሰው መንገድ ላይ ጎረቤቱን ሳይሰላም ያልፋል፤ «ኮራ» ይባላል። ይህ ሲደጋገም ከቡናውም፣ ከእድሩም፣ ከለቅሶ ቤቱም ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለመጀመር ግን ድፍረት ይጠይቃል። «ዓይኔን አሞኛል፣ ፊት አልለይም፣ ስታገኙኝ ስማችሁን ንገሩኝ» ብለው አስቀድመው ይናገሩ።

ቤተሰብም ሁሉንም ነገር ልሥራልህ ማለት የለበትም። ዕለት ተዕለት የሚሠራውን ሥራ የተነጠቀ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ ይናደዳልም። «ምን ላግዝዎ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የኢንሱሊን ስሪንጅ መስመሮች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ፣ እይታው የደከመ ሰው ሲቀዳ መጠኑን ሌላ ሰው ይመልከትለት። በቤት ውስጥ ጥሩ መብራት፣ በስልክ ላይ የሰፉ ፊደላትና እቃን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማስቀመጥም ያግዛሉ። የኢትዮጵያ ስኳር ሕመም ማኅበርን የመሳሰሉ ስብስቦች ከተመሳሳይ ችግር ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ሊያገናኙዎት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠውን ምክር እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ ልሰጥ አልችልም።

ለቀጣዩ የዓይን ቀጠሮ ሰው ይዘው ይሂዱ። የዓይን ብሌን ለማስፋት የሚደረገው ጠብታ ለሰዓታት እይታ ያደበዝዛል፤ ብቻዎን ታክሲ መያዝ ይቸግራል። አብሮዎት የገባው ሰው ደግሞ እርስዎ በድንጋጤ ያልሰሙትን ይሰማል። ዓይን ፊት ለፊት ድንገት መጋረጃ የወረደ ከመሰለ ወይም ነጠብጣቦቹ በአንዴ ከበዙ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።