ስለ ጣውላ ማጣበቂያ መሻሻል

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ የእንጨት ፍቅፋቂም በሙጫ ሲተባበር ቤት የሚያስጌጥ ጣውላ ይሆናል። በአዲስ አበባ በነፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በመካኒሳና በለቡ በጀሞም በኩል ያሉት አናጢዎች ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ ሲሠሩ፥ ከዋንዛና ከዝግባ ይልቅ ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ይገለገላሉ። የጥንቱ ዛፍ ስለ ተመናመነ ይህ ሥራ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከቀጭን ግንድ ጠቃሚ ዕቃ ማውጣት ቁጠባ ነውና። በማይጨውም ከባሕር ዛፍ ይህን ጣውላ የሚሠራ ፋብሪካ መቋቋሙ ይታወቃል።

ነገር ግን የጣውላው ደግነት በእንጨቱ ብቻ ሳይሆን በሙጫውም ይለካል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሙጫ ከዩሪያና ከፎርማልዴሃይድ የተቀመመ ነው። ዩሪያን ገበሬው በማዳበሪያነት ያውቀዋል፤ ፎርማልዴሃይድ ግን ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ሙጫው ርካሽ ስለ ሆነና በጋለ መጫኛ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ይመረጣል፤ ሆኖም ሁለት ጉድለት አለበት። 1ኛ፥ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፥ ጣውላውም ያብጣል። 2ኛ፥ ጣውላው ከተሠራ በኋላ ጋዙን ጥቂት በጥቂት ይተፋል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛም ይብሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1996 ዓ.ም. ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አረጋግጧል። ጉዳቱም የሚያሰጋው በተዘጋ ክፍል ጣውላ ሲቆርጥ ለሚውለው አናጢና፥ በጠባብ ቤት ከአዲስ ቁም ሣጥን አጠገብ ለሚተኛው ሕፃን ነው።

ስለዚህ በአውሮፓ ኢ1 በሚባለው ደረጃ፥ በ100 ግራም ደረቅ ጣውላ የሚገኘው ፎርማልዴሃይድ ከ8 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጠበብትም ፎርማልዴሃይዱን በመቀነስና ሜላሚን በመጨመር ሙጫውን አሻሽለዋል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ፥ ከግራር ወገን ከሆነው ከዋትል ዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ታኒን፥ ማለት ቆዳ ፋቂ የሚገለገልበት ቅመም፥ ለጣውላ ሙጫ ውሏል። የዚህ ዛፍ ዘመድ የሆነው ዲከረንስ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ለከሰል በብዛት ሲተከል ቆይቷል፤ ቅርፊቱም ታኒን ያለበት ነውና፥ ከሰል ብቻ ሆኖ ከሚቀር ለሙጫ መዋሉ ቢመረመር ለገበሬውም ለአናጢውም ይበጃል።

እስከዚያው ድረስ፥ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዙ ሹማምንት የጣውላውን ደረጃ አስቀድመው ቢጠይቁ፥ አናጢዎችም መስኮታቸውን ከፍተው ቢሠሩና የተቆረጠውን የጣውላ ጠርዝ ቢሸፍኑ፥ ጉዳቱ ይቀንሳል። የኖኅ መርከብ በውስጥም በውጭም ዝፍት የተቀባችው በውስጧ ያሉት እንዲድኑ ነበር፤ የዛሬውም ሙጫ እንጨቱን ሲያያይዝ የቤቱን ሰው የማይጎዳ ሊሆን ይገባዋል።